አባ እንፋሎት ዓይን የምትባለውን ፊደል ከጉሮሯቸው እንዳወጡና ሾርባውን እስከ ታች እንደ ጠጡ የሚናገር ዜና

ንዌጥን ጽሒፈ ዜናሁ ለአባ እንፋሎት። ቀዳማዊ ማጠቢያ ማሽን በሞተሩ ሕመም አርፎ ዳግማዊ ማጠቢያ ማሽን በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ የፎቁ አሳንሰር ለመጨረሻ ጊዜ በተንቀሳቀሰበት ወር፣ ሞዐ ካውያ ዘእምነገደ ላውንደሪ፣ ሥዩመ እንፋሎት፣ ኮሌታ አቅኚ፣ የእጅጌ ዳኛ፣ የተጨማደደ ሁሉ የሚንቀጠቀጥላቸው ኃያሉ አባ እንፋሎት፣ የጥንቱን የዕብራይስጥ ፊደል እንደ ጥንቱ አጠራር ሊጠሩ ቆርጠው ተነሡ። እኛም ያየነውን አይተን፣ ያላየነውን ከላውንደሪው ሰዎች ጠይቀን ጻፍነው፤ የሚጠቅመውን አስገባን፣ የማይጠቅመውንም አላስቀረንም። ውሸት ቢገኝበት የነገረን ሰው ውሸት ነው እንጂ የእኛ አይደለም።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። አባ እንፋሎት ልጅ ሳሉ በአባታቸው የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ፣ በየክፍሉ አናት ላይ፣ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እየተባለ ተጽፎ ያዩ ነበር። የሚነግራቸው ስላልነበረ፣ እሳቸውም መጠየቅ ስለሚያፍሩ፣ እነዚህ የሃያ ሁለት ወንድማማቾች ስም ናቸው ብለው አመኑ። አምነውም አልቀሩ፤ ለእያንዳንዱ ጠባይ ሰጡት። አሌፍ በኩር ስለሆነ ኃላፊነት የከበደው፣ ጋሜልና ዳሌጥ በውርስ የተጣሉ፣ ላሜድ ቁመቱ በበር የማያስገባው፣ ሳምኬት ከልጅነቱ ጀምሮ ሕመም የማያጣው፣ ታው ደግሞ የመጨረሻ ልጅ በመሆኑ የተሞላቀቀ ነበር። ለሳምኬት በተለይ ያዝኑለት ነበር። ጎልማሳ ሆነው፣ አግብተው፣ ጠጉራቸው ሸብቶ እንኳ፣ ብርድ በበረታ ቁጥር ያ ምስኪን እንዴት ሆኖ ይሆን ይሉ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ በላውንደሪው በምሳ ሰዓት፣ የእድፍ ማስለቀቂያው ክፍል አለቃ የሆነችውን ሴት ሳል ይዟት ቢያዩ፣ እንደ ሳምኬት እንዳትሆኚ ተጠንቀቂ ብለው መከሯት። እርሷም ሳምኬት ማን እንደሆነ መረመረች፤ በመረመረችም ጊዜ የሃያ ሁለቱ ወንድማማቾች ነገር ተዝረከረከ። ያን ጊዜ የእድፍ አለቃዋ ወንበር ላይ ወጥታ እንዲህ ስትል አዋጅ ነገረች፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሳምኬት ሰው አይደለም፣ ፊደል ነው! የዕብራይስጥ ሆሄ ነው! እኚህ ሰውዬ ይኼን ሁሉ ዘመን ለፊደል ሲያዝኑ ኖረዋል። ታሞም አያውቅ፣ ድኖም አያውቅ!»

ሳቁም ከማጠቢያው ወደ ማድረቂያው፣ ከማድረቂያው ወደ ልብስ አድራሹ ሾፌር ተሻገረ። አባ እንፋሎት ግን ፊታቸው እንደ ካውያ ታች ቀልቶ፣ በመተኮሻው ጠረጴዛ ፊት ቆመው መለሱ፦ «ሳቁ! ዛሬ የተገለፈጠ ጥርስ ነገ ይገጥማል። ወንድማማቾች ካልሆኑ ምን እንደሆኑ ሄጄ አያቸዋለሁ። ሃያ ሁለቱንም አንድ በአንድ፣ የጥንት ሰዎች በጠሯቸው ድምፅ ካልጠራኋቸው ካውያው ይብረድብኝ!» ይህም በላውንደሪ ነገድ ዘንድ ከመሐላ ሁሉ የከበደ መሐላ ነው።

ወእምድኅረ ዝንቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ዘመቱ። ትምህርት ቤቱ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ያለች ክፍል ነበረች፤ ከታች ጎማ ሲነፋ ከላይ ወለሉ አብሮ ይተነፍሳል። ሠራዊታቸውም እንዲህ ተሰልፎ ወጣ፦ ፊታውራሪ ጃንጥላ ከፊት፣ ቀኛዝማች የጨው ውኃ በጠርሙስ ሆኖ በቀኝ ኪስ፣ ግራዝማች የጉሮሮ መስታወት በግራ ኪስ፣ ደጃዝማች የሱፍ ሻርብ በአንገት ዙሪያ፤ ጓዙን ደግሞ አንዲት ያረጀች ቦርሳ ተሸክማ፣ በውስጧ አንድ እርሳስና የተፈረፈረ ብስኩት ነበረ። በዚያም ዐብረዋቸው ለመማር የተሰለፉት አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛና ማሞቂያው አጠገብ ለማሸለብ የሚመጡ አንድ ዘበኛ ነበሩ። መምህርቲቱም ቀጭን፣ ሻርብ ከአንገታቸው የማይለዩ፣ ተማሪን ከዓይኑ ይልቅ ጉሮሮውን የሚያዩ አሮጊት ሲሆኑ፣ ስማቸው ሊቀ ጉሮሮ ይባል ነበር።

የዘመቻው መጀመሪያ የድል ነበር። ፊደሎቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋሉ ቢባሉ አባ እንፋሎት አልደነገጡም፤ ካውያም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ፊደሎቹ ጥንት አናባቢ የሌላቸው ራቁታቸውን የሚሄዱ ነበሩ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ሊቃውንት ከላይና ከታች በነጥብና በሰረዝ አለበሷቸው ቢባሉ፣ ልብስ ማልበስ መልካም ሥራ ነው ብለው አደነቁ። ቤት አንዴ ጠብቃ ብ፣ አንዴ ላልታ ቭ እንደምትል፣ ካፍና ፌ እንዲሁ ሁለት ፊት እንዳላቸው ሲሰሙ፣ ይህማ እንደ ደንበኛ ነው፣ ልብሱን ሲያመጣ አንድ፣ ሲቀበል ሌላ ብለው ተቀበሉት። ሺን ነጥቧ በቀኝ ሲሆን ሽ፣ በግራ ሲሆን ስ ትላለች፤ እርሷም እጅ ሰጠች። ጤት፣ ጻዴና ቆፍ ዘንድ በደረሱ ጊዜ ደግሞ ሊቀ ጉሮሮ እንዲህ አሉ፦ የጥንቱን ድምፅ በጆሮው የሰማ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ነገር ግን ከሊቃውንት ብዙዎቹ እነዚህ ሦስቱ እንደ እኛ ጠ፣ ጸና ቀ የሚፈነዱ ሳይሆኑ አልቀሩም ይላሉ። ያን ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ፈነዳ፤ ሦስቱም ፊደሎች ሳይዋጉ ገበሩ። ዘበኛው ብቻ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ጎማ መሰላቸው።

ዳሩ ግን ከኮረብታው በስተጀርባ ዓይን ቆማ ትጠብቅ ነበር። ይህች የምታየዋ ዓይን አይደለችም፤ ፊደሊቱ ናት፣ ከጉሮሮ በታች ካለው ጓዳ የምትወጣ። ሊቀ ጉሮሮ ነገሩን ሲያስረዱ አዘኑ። እኛም ዘንድ ይህ ጓዳ ነበረ አሉ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በየራሳቸው ድምፅ የሚኖሩበት፣ አልፋው አ ከዐይኑ ዐ ጋር የማይደባለቅበት ዘመን ነበረ። ዛሬ በጽሕፈት ይለያያሉ እንጂ በአፋችን አንድ ሆነዋል። አያቶቻችን ጓዳውን ቆልፈው ቁልፉን የት እንዳደረጉት ሳይነግሩን ሞቱ። አባ እንፋሎትም ይህን በሰሙ ጊዜ ጉሮሯቸውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ በገዛ ቤቱ ገብቶ የማያውቀው ክፍል እንዳለ የተነገረው ሰው የሚሰማው ነገር ተሰማቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይንን ለማውጣት ይታገሉ ጀመር። ሲተኩሱ ይሏታል፣ አትወጣም። ደረጃ ሲወጡ ይሏታል፣ ሳል ትሆናለች። የአገር ያለህ እያሉ በጨው ውኃ ቢጉመጠመጡም ጨው ብቻ ቀረላቸው። ደንበኞች ሸሚዛቸውን ሳያስተኩሱ ይዘው ሸሹ፤ የእድፍ አለቃዋም የታነቁ መስሏት ጀርባቸውን ደጋግማ ደለቀች።

አሁን ደግሞ ወደ ታላቁ መከራ ደርሰናል። የአባ እንፋሎት ባለቤት፣ እቴጌ ዘማይክራፎን፣ በአንድ ክሊኒክ ተረኛ ታካሚዎችን በድምፅ ማጉያ የሚጠሩ ሴት ነበሩ። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው ያሳደጓቸው ታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ እኚህንም ሰው ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የአውቶቡስ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ በወጡም ጊዜ እጃቸው ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ አያርፍምና ምግብ መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያውን ሾርባ ሠርተው፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ለእኅታቸው አመጡ። በሾርባው ውስጥ ምን እንደ ነበረ ይህ ዜና በጊዜው ይናገራል።

በማዕዱም ዙሪያ በተቀመጡ ጊዜ ጋሼ ስለ ሾርባው ረጅም ንግግር አደረጉ። የመጀመሪያው ማንኪያ ለቤቱ አባወራ ይገባል ተባለ። አባ እንፋሎት በሆዳቸው አሌፍ፣ ቤት እያሉ ስለነበር ዓይን ዘንድ ሲደርሱና ማንኪያው ከአፋቸው ሲገባ አንድ ሆነ። በዚያች ቅጽበት የጉሮሯቸው የታችኛው ጓዳ ተከፈተ፤ ጥልቅ፣ ጥርት ያለች፣ የተሟላች ዓይን ወጣች። ሕፃን መራራ መድኃኒት ሲያጠጡት የሚያሰማትን ድምፅ ትመስላለች። ጋሼ ጭልፋውን አስቀመጡ፤ ማንም ሌላ ሳይቀምስ ድስቱን መልሰው በፎጣ ጠቀለሉ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድስት አልጣዱም። አባ እንፋሎት ፊደል ነው፣ ፊደል ነው እያሉ እስከ ደረጃው ቢከተሉም፣ ማን ይመናቸው።

ዘመነ ኩርፊያም በዚያን ቀን ገባ። እቴጌይቱ ባላቸው ካልሲ ፈልገው በቆሙበት፣ ፊታቸውን ወደ ቁም ሣጥኑ መልሰው እንዲህ አወጁ፦ «ቁም ሣጥን ሆይ! ሰው ስለ ጠፋ ላንተ ልንገርህ። እናትም አባትም የሆነኝን ወንድሜን አንድ ሰውዬ በገዛ ቤቴ አዋረደብኝ። የሠራውን ቀምሶ ሊያስመልሰው ቃጣው። ከእንግዲህ ለዚያ ሰውዬ ከአፌ አንዲት ቃል ቢወጣለት ምላሴ ይታሰር! ካልሲው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ይኼንንም ላንተ ነው የነገርኩህ።»

ቀኑን ሙሉ የሰውን ስም ሲጠሩ የሚውሉት ሴት ቤታቸው ሲገቡ የባላቸውን ስም አይጠሩም። ሻይ ሲቀዱ ለፍሪጁ ይናገራሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ለመጋረጃው ይነግራሉ። አባ እንፋሎት ድምፃቸው ናፈቃቸው። በዚህ ዜና ውስጥ ብዙ ነገር አጋንነን ጽፈናል፤ ይህን ግን አላጋነንም፤ እጅግ ናፈቃቸው። ሥራ ሲፈቱ በክሊኒኩ በኩል ያልፉና ከውጭ ቆመው፣ በድምፅ ማጉያው የማያውቁት ሰው ስም ሲጠራ ሰምተው ይመለሱ ነበር።

ከዚህም ሁሉ በላይ አንድ ስውር ጭንቀት ነበረባቸው። ያች ዓይን ያን ቀን ከወጣች በኋላ ተመልሳ አልወጣችም። ቢሏት ቢሏት ሳል ነች። ስለዚህ ልባቸው ይጠይቃቸው ነበር፦ ያን ጊዜ ያወጣት ትምህርቱ ነው ወይስ ሾርባው? መልሱንም አያውቁትም። አንዳንዴ ፊደሉ ነው ብለው ይምላሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ የማንኪያው ጣዕም ትዝ ሲላቸው መሐላቸውን ይተዋሉ።

በዚህ መሐል ሊቀ ጉሮሮ የፈተናውን ሥርዐት አወጁ፦ «ስሙ! በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ አፍ ብቻ የሚነገር ድምፅ ሬሳ ነው። እኛስ ሐመሩን ሐ ያጣነው እንዴት ይመስላችኋል? አንዱ ሲለው ሌላው ዝም ስላለ ነው! ስለዚህ በፈተናው ቀን እያንዳንድህ ከምትኖርበት ቤት አንድ ሰው ይዘህ ና። አንተ ዓይን ትላለህ፣ የቤትህ ሰው ከአንተ ቀጥሎ ይላል። ሰው ያልያዘ፣ ሃያ ሁለቱን እንደ ውኃ ቢያንቆረቁራቸው አላለፈም!» ፀጉር አስተካካዩ እናቱን ሊያመጣ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ባሏን ልትጎትት ተሰናዱ። በአባ እንፋሎት ቤት ግን ከእቴጌይቱ በቀር የሚኖር ቁም ሣጥኑ ብቻ ነበር።

የእድፍ አለቃዋ የአጎት ልጅ ነኝ ብላ ልትቆምላቸው በበጎ ፈቃድ ብትጠይቅም፣ ሞዐ ካውያ በውሸት አልተኩስም ብለው መለሷት። በመጨረሻም አንድ ምሽት እራት ተነሥቶ ሳለ፣ ቁም ሣጥኑ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው፣ እቴጌይቱ እየሰሙ፣ መልእክታቸውን አወጁ፦ «ቁም ሣጥን ሆይ! ለእመቤትህ ንገርልኝ። ያ ድምፅ ፊደል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጎሚስታው በላይ በመምህርት ፊት አወጣዋለሁ። ከቤቴ ሰው ካልመጣ ወድቄ እመለሳለሁ፤ መውደቁስ ግድ የለኝም። ጋሼ ቢመጡና ቢሰሙ ግን ደስ ይለኛል። እኔ እሳቸውን አልናቅሁም።»

የእቴጌይቱም ምላሽ በቁም ሣጥኑ በኩል መጣ፦ «ቁም ሣጥን ሆይ! ለዚያ ሰውዬ ንገረው። ፊደል መሆኑን አይቼ ነው የማምነው። ወንድሜ ይመጣል። ሾርባውም ይመጣል፤ ያንኑ ሾርባ፣ እንደዚያው አድርጎ ይሠራዋል። እውነቱ እዚያው ይለይለታል። እኔ ግን የማንንም ፊደል አልልም፤ የምሄደው ወንድሜን ይዤ ነው!»

ቅዳሜም ደረሰ። አባ እንፋሎት ሠራዊታቸውን አሰልፈው ደረጃውን ወጡ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ከታች የጎማ መንፊያው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ እሳቸውም እንደ መለከት ቆጠሩት። ፀጉር አስተካካዩና እናቱ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛና ባሏ ፈተናቸውን አለፉ። ከዚያ በሩ ተከፈተና እቴጌይቱ ገቡ፤ ከኋላቸውም ጋሼ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልለው ገቡ። ጋሼ ማንንም አላዩም። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እንዲህ አወጁ፦ «ይኸው! ጨው አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም። ያን ዕለት እንደ ነበረው ነው። ይኼ ሰው የናቀኝ ከሆነ ልወቀው፤ ካልናቀኝም ልወቀው። እኔ ዕድሜ ልኬን ትኬት ሳልመለከት ማንንም አላሳለፍኩም።»

ሊቀ ጉሮሮም ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ሻርባቸውን አስተካክለው ፍርድ ሰጡ፦ «ሁለት ፈተና ይሆናል። መጀመሪያ ሾርባ ያለ ፊደል! ሾርባውን ይጠጣል፤ ሲጠጣ ጉሮሮው ድምፅ ካሰማ ጥፋተኛ ነው። ቀጥሎ ፊደል ያለ ሾርባ! አፉን አጥቦ ዓይንን ይጠራል፤ ካልወጣችለት ያን ዕለት ያወጣት ሾርባው ነውና ጥፋተኛ ነው። ሁለቱን ካለፈ ንጹሕ ነው፤ ጋሼም ይታረቁታል!»

ድስቱ ተከፈተ። አሁን እንናገራለን፤ ሾርባው ዱባ ነው። በዱባው ውስጥ የቆርቆሮ ዓሣ አለ። በዓሣው ላይ ቀረፋ ተነስንሷል፤ ጨውም እንደ ልብ ነው። አባ እንፋሎት የመጀመሪያውን ማንኪያ ወደ አፋቸው አስገቡ፤ ባስገቡም ጊዜ የሚያስፈራውን እውነት ዐወቁ። ያን ዕለት ያወጣት ሾርባው ነበር። ትምህርቱ አልነበረም፤ ሾርባው ራሱ ነበር። ጓዳው አሁንም ሊከፈት ተነሣ፣ ዓይኒቱም ከታች ስትገፋ ተሰማቻቸው፤ እንባቸው በዓይናቸው ጥግ ቆመ።

ቀና ሲሉ ጋሼን አዩ። ጋሼ ማንኪያውን ብቻ ነበር የሚያዩት፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ልጁ ፈተና ላይ እንዳለበት አባት ሆነው ቆመዋል። አባ እንፋሎትም ዋጡ። ፈገግ አሉና ዋጡ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ዋጡ፤ የቆርቆሮውን ዓሣ እሾህ እንኳ እንደ አዝራር በጥንቃቄ አለፉት። ኃያላን ከተማ ሲከቡ፣ ምሽግ ሲሰብሩ ተጽፏል፤ ሰው አንድ ሳህን ሙሉ እንዲህ ያለ ሾርባ ያለ ድምፅ ሲጨርስ ግን ተጽፎ አናውቅም። ሳህኑ በደረቀ ጊዜ፣ በማንም ሳይገደዱ፣ ማንኪያቸውን ወደ ላይ አንሥተው አወጁ፦ «ይጨመርልኝ!»

ጋሼ በድስቱ ፎጣ ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ጨመሩላቸውም፤ አባ እንፋሎትም ጨረሱት።

ከዚህም በኋላ አፋቸውን ታጥበው ለሁለተኛው ፈተና ቆሙ። ከአሌፍ ተነሥተው ሔትን ተሻገሩ፣ ጤትን አፈነዱ፣ ሳምኬት ዘንድ ሲደርሱ ድምፃቸውን አለስልሰው ጠርተውት አለፉ፤ የድሮ ፍቅር ነዋ። ዓይን ዘንድም ደረሱ። ከዚህ ቀደም በሄዱበት መንገድ አልሄዱም፤ ሾርባውን አሰቡ። የዱባውን፣ የዓሣውን፣ የቀረፋውን ኅብር አንድ በአንድ በልባቸው ጠሩ፤ ሾርባውም ቁልፉ የጠፋው ጓዳ የት እንዳለ ያውቅ ኖሮ በቀጥታ ወሰዳቸው። ዓይንም ወጣች። ጥልቅ፣ ጥርት ያለች፣ ያን ዕለት እንደ ነበረችው ሆና ወጣች፤ መስኮቱ ነዘረ፣ ዘበኛው ተነሥተው ቆሙ፣ ከታች ጎማ የሚነፋው ሰው መንፊያውን አጠፋ።

ሊቀ ጉሮሮ ሻርባቸውን ፈትተው፣ ማስተማር ከጀመሩበት ቀን ወዲህ ያልታየውን አንገታቸውን ገልጠው አወጁ፦ «ይህች ናት! ዓይን ይህች ናት! ሰውየው ንጹሕ ነው! ነገር ግን ከቤቱ አንድ ሰው ካላላት አላለፈም።» ሁሉም ወደ እቴጌይቱ ዞረ። እቴጌይቱ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ጥቁር ሰሌዳውን ያዩ ነበር። ቁም ሣጥንም እዚያ አልነበረም።

ጋሼ ግን በደስታ ብዛት ይህን ሁሉ አላዩም። አልናቀኝም፣ አልናቀኝም እያሉ በድስቱ ታች የቀረችውን ሾርባ በማንኪያ ጠርገው፣ በልጅነታቸው እንዳጎረሷቸው ሁሉ፣ እኅታቸውን አጎረሷቸው። እቴጌይቱ ያን ሾርባ ከዚያ በፊት ቀምሰው አያውቁም ነበር።

ያን ጊዜ ከእቴጌ ዘማይክራፎን ጉሮሮ፣ ድምፅ ማጉያ ሳይኖር፣ የአባ እንፋሎትን የምታስንቅ ዓይን ወጣች።

ሊቀ ጉሮሮ ጠረጴዛውን መቱ፦ «አለፈ! ሁለቱም አለፉ!» ጋሼም ጮኹ፦ «እኅቴም ተማረች! እሷም ፊደሉን ቻለችው!» ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በጭብጨባው መሐል እቴጌይቱ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ባላቸውን አዩ፤ ከዚያ ባዶውን ሳህን አዩ፤ እንደገና ባላቸውን አዩ። አባ እንፋሎት ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ። እቴጌይቱም በግድ ዋጡና ለወንድማቸው ፈገግ አሉ።

ጋሼም ድስቱን አቅፈው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «ሥራ አገኘሁ! ከዚህች ሳምንት ጀምሮ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ እሑድ እሑድ ሾርባችሁን ይዤ እመጣለሁ። ይህ ሰው ሁለት ሳህን ስለሚጠጣ ትልቅ ድስት እገዛለሁ!»

ከደረጃው ሲወርዱም፣ ጋሼ ቀድመው ሄደው ሳለ፣ እቴጌይቱ በጎሚስታው ጎማዎች መካከል ቆሙ፤ ፊታቸውንም ወደ ጎማው ሳይሆን ወደ ባላቸው መልሰው፣ ቀስ ባለ ድምፅ አወጁ፦ «አንተ ሰውዬ! ያን ሁሉ ምንም ሳትል ጠጣህለት፤ አይቻለሁ። ኩርፊያው ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። እሑድ እሑድ ግን ሲጨምርልህ፣ እሱ ወደ ድስቱ ዞር ሲል፣ ሳህንህን ወደ እኔ ግፋው። ግማሹን እኔ እጠጣልሃለሁ።»

ይህን የሰማ አባ እንፋሎትን ያመስግን። ፊደል ከሊቃውንት የተማሩ ብዙዎች ናቸው፤ ከሾርባ የተማሩ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ሞዐ ካውያ፣ ሞዐ ዱባ፣ ሞዐ የቆርቆሮ ዓሣ፣ ሰው ላለማስከፋት ጉሮሯቸውን የዘጉ፣ ሰው ለማስታረቅ ጉሮሯቸውን የከፈቱ፣ ዝናቸው ከላውንደሪ እስከ ጎሚስታ፣ ከጎሚስታ እስከ ክሊኒክ ይሰማ። ዕድሜያቸው እንደ ጥንቱ ፊደል ይርዘም፣ ሆዳቸውም ይጽና፤ እሑድ በየሳምንቱ ይመጣልና። አንተም ይህን ያነበብህ፣ የሾርባውን ነገር ያወቅን እኛ፣ ባልና ሚስቱና አንተ ብቻ ነን። አደራ፣ ከጋሼ ጆሮ እንዳይደርስ።